ቢጫዋ ወፍ የትኛዋ ናት?

ወላይታ ሶዶ ያደሩ እንደሆነ ቁርስዎን ከሆቴሉ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር ያድርጉት። ቡናው እስኪመጣ ከእንሰቱና ከአቮካዶው መሀል ቢጫ ነገር ብልጭ ማለቱ አይቀርም። ልጅዎም «ይቺ ምን ወፍ ናት?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ባለፈው መስከረም ስጠየቅ «ቢጫ ወፍ» አልኩ። ልጄ «እሱንማ እኔም አያለሁ» አለችኝ።

ችግሩ ቢጫ የለበሱት ብዙ መሆናቸው ነው። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የደጋውም የቆላውም ወፍ ይጎበኛታል። ስለዚህ ቀለሙን ለጊዜው ይተዉትና ምንቃሯን ይመልከቱ።

ምንቃሯ ጠንካራና ሹል ከሆነ ጎጆዋ ከሳር የሚሸመን ሸማኔ ወፍ ልትሆን ትችላለች። በአንድ ዛፍ ላይ ብዙ ጎጆ ተንጠልጥሎ ጫጫታው ገበያ ከመሰለ፣ ራሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ የሆነውን የመንደር ሸማኔ አገኙ ማለት ነው። ጎጆ ሠሪው ወንዱ ነው። ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል፤ የሚገባበት ካጣ ያፈርሰውና እንደገና ይጀምራል። ጥንድ ሆነው አጥር ላይ የሚያዩአቸው፣ ዓይናቸው ፈዛዛ ቢጫ የሆኑት ደግሞ ባግላፌክት ይባላሉ። ከመንጋ ጋር ጎጆ አይሠሩም፤ ይበልጡን ነፍሳት ይለቅማሉ። ስሙ ባዕድ ይምሰልዎ እንጂ አውሮፓውያን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዚሁ ከእኛ አገር የወሰዱት ነው። ሦስተኛዋን ልጄ በአንድ ጊዜ ለየቻት፤ በዓይኗ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ፣ ኩል የተኳለች ነው የምትመስለው። የጎጆዋም መግቢያ እንደ እጅጌ ረዝሞ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

ምንቃሯ አጭርና ድቡልቡል ሆኖ የሳር ፍሬ ላይ ከተቀመጠች የካናሪ ዘመድ ናት፤ ዝም ብለው ዜማዋን ይስሙ። ከብት እግር ሥር ጭራዋን እየወዘወዘች የምትሮጠው ቢጫ ደግሞ እንግዳ ናት። ከአውሮፓና ከእስያ በመስከረም አካባቢ መጥታ በጋውን እዚህ ታሳልፋለች፤ ወላይታ ጊፋታን ሲያከብር መድረሷ ነው። የሴቶቹንና የጫጩቶቹን ነገር ግን አያንሱብኝ። ብዙዎቹ የደበዘዙ ስለሆኑ ባለሙያም ይሳሳትባቸዋል።

ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ጠዋት ጥሩ ነው። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ይበቃዎታል።

እኛ በሁለተኛው ቀን ወደ ዳሞታ ስንወጣ ከአንድ የበቆሎ ማሳ ዳር ማማ ላይ የቆመ ልጅ አገኘን። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። ወንጭፍ ይዞ ቢጫ የሆነውን ሁሉ ያባርራል። ልጄ ተቆጣች፤ እኔ ግን ከከተማ መጥቼ ልፈርድበት አልቻልኩም። የመንደር ሸማኔ መንጋ እህል ላይ ሲወርድ ቀልድ የለውም፣ ማሳውም የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ነው። ድንጋዩ ግን አይመርጥም። በዋንዛው አበባ መሀል ወዲያ ወዲህ የሚሉ ትንንሽ ቢጫዎች ነበሩ። ምንቃራቸው ቀጭን ነው፤ ነፍሳትና የአበባ ማር እንጂ በቆሎ አይነኩም። ልጁ ወንጭፉን ወደ እነሱ ሲያዞር፣ ከታች የሚያርሙት አያቱ ቀና ብለው በወላይትኛ አንድ ነገር አሉት፤ አወረደው። ምን እንዳሉት ስንጠይቃቸው በአማርኛ «ትል የምትለቅመውን ተው ነው ያልኩት» አሉን።

ልጄ ባይኖኩላሯን ከአንገቷ አውልቃ አቀበለችው። በየት በኩል እንደሚያዩበት አሳየችው። ዋንዛው ላይ አነጣጥሮ ብዙ ቆየ፤ ወንጭፉን በአንድ እጁ እንደያዘ ነው። የወፏን ዓይን ከብቦ ያለውን ነጭ ቀለበት ሳያይ አልቀረም መሰለኝ፣ «እሷም መነጽር አድርጋለች!» አለን።