እጄ ያለበት ፎቶ

ባለፈው ዓመት ጥር የመጨረሻ ልጄን ዳርኩ። ፎቶ አንሺው የሰፈራችን ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ በጤና ጣቢያችን ክትባቱን የወጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የራሱ ስቱዲዮ አለው፤ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም። እስካሁን የሚጠራኝ "ሲስተር" ብሎ ነው።

ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤት መጣና ቡና ስንጠጣ፣ "ሲስተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ሙሽሮቹ ጉልበት በሚስሙበት ሰዓት እንግዳው ስልኩን እንዲያስቀምጥ ይንገሩልኝ። አምስት ደቂቃ ትበቃኛለች" አለኝ። ሳቅሁበት። ዘመድ ጠርቶ ስልክህን አስቀምጥ ማለት ነውር መሰለኝ። ደግሞም አሜሪካ ያለችው እህቴ በቀጥታ ለማየት ሌሊት ተነስታ እንደምትጠብቅ ነግራኛለች። "እሺ፣ እናያለን" ብዬ ሸኘሁት። አላየሁም፣ አልተናገርኩምም።

እናቴ ያን ጊዜ ዘጠና ዓመት አልፏታል። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው መለየትም ትታለች። በጠዋት አጣጥበን፣ ነጠላዋን አልብሰን ሳሎን ሶፋው ላይ አስቀመጥናት። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ገባ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ልጄ አያቷ ጉልበት ላይ ስትደፋ እናቴ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነችና፣ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሟን ጠራች። በሕፃንነቷ ቤት ውስጥ በምንጠራት ስም። ሳሎኑ በእልልታ ቀለጠ። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አነሳ። እኔም አነሳሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ለአልበሙ የሚሆኑትን እንድንመርጥ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። መናፈሻ የተነሱት ያምራሉ፤ ኬኩም ጭፈራውም ደህና ነው። ጉልበት መሳሙ ላይ ስንደርስ ዝም አለ። የልጄ ቬሎ ይታያል፣ የእናቴም ፊት በግማሽ ይታያል። በመካከላቸው ግን ጥበብ ያለው እጅጌ የለበሰ ክንድና የበራ ስልክ ተዘርግቷል። የእናቴ እጅ የለም፤ ስልኩ ሸፍኖታል።

"ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?" አልኩ ተቆጥቼ።

መልስ አልሰጠኝም። ትንሽ ቆይቼ አምባሩን አየሁት። እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ አምባር ነው።

ሌላ የለህም ወይ አልኩት። አለው፣ ሃያ ያህል። በግራ ሲዞር የአንዱ ዘመድ ስልክ፣ በቀኝ ሲዞር የሚዜዋ። ሥራውን ያን ቀን ነው ያስረዳኝ። ጨለም ባለ ሳሎን ውስጥ ካሜራው ብዙ ጊዜ ትኩረቱን የሚይዘው ቅርብ ያለና የሚያበራ ነገር ላይ ነው፤ የስልኩ መስታወት ጥርት ይልና የሰው ፊት ይደበዝዛል። አንዱ የስልኩን ባትሪ ሲያበራ ደግሞ የሙሽራዋ አንድ ጉንጭ ይነጣል፣ ሌላው ይጨልማል። እሱን ይበልጥ የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። "ሲስተር፣ እኔ የምፈልገው የእንግዳውን ፊት ነበር። የምታለቅስ አክስት፣ እንባውን የሚደብቅ አባት። ሁሉም የሚያየው ስክሪኑን ነው። ምን ላንሳ?"

እኔማ ማፈር ሲያንሰኝ ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስንት አማትና ስንት አክስት "ብርሃኔን አትከልሉኝ" ብዬ አስወጥቻለሁ።

በስልኬ የቀረጽኩትንም ከፍቼ አየሁት። አርባ ሰከንድ ነው። ኮርኒስ፣ የአንድ ሰው ጀርባ፣ "ዞር በሉ" የሚል የራሴ ድምፅ። እናቴ የልጄን ስም ስትጠራ እሰማለሁ ብዬ ነበር፤ እልልታው ውጦታል።

የራሴ ሠርግ በ1978 ዓ.ም. ነበር። ፎቶ አንሺው ይዞ የመጣው ሁለት ፊልም ነው፤ አንዱ 36 ያነሳል። እየቆጠረ፣ ሰው እያስተካከለ ነበር የሚያነሳው፤ እንዲያም ሆኖ ግማሹ ተበላሸ። በቀሩት ላይ ግን ሰው ሁሉ ወደ እኛ ያያል፤ እናቴም ከኋላችን ቆማ።

እናቴ ሰኔ ላይ አረፈች። ልጁ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ያንን እጅ በኮምፒውተር ላጠፋው እችላለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። ደስ ሊለኝ ሲል ጨመረበት። "ግን ከስልኩ ኋላ ያለው የእማማ እጅ እኔ ጋ የለም። ፕሮግራሙ ነው ከራሱ ፈጥሮ የሚሞላው።"

የእናቴን እጅ አውቀዋለሁ። የቀኝ አመልካች ጣቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም። ይህን ማሽን ከየት ያመጣዋል? ተወው አልኩት። እንዳለ አሳጥቦ አመጣልኝ፣ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ የማን እጅ እንደሆነ ይጠይቃል፤ እናገራለሁ።

ዘንድሮ ጥር የወንድሜ ልጅ ታገባለች። ሰፌድ ይዤ በር ላይ እንደምቆም ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው እስኪነሱ ስልክ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል። አሜሪካ ላሉት ልጁ አንድ ስልክ ጥግ ላይ በማቆሚያ ያቆምላቸዋል። ወንድሜ "ሰው ይቀየማል" ብሎ ፈርቷል። እርግጥ ነው፣ ይቀየማል። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ አለች፣ ስልኳን ከእጇ ማን እንደሚቀበላት ገና አልወሰንንም።