ከቅኔው በስተጀርባ

ጎጃም ውስጥ ስለ ቅኔ ሲነሣ ስም መጥራት ይቀናናል። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን እንጠራለን፤ እገሌ የሚባሉ መምህር በእገሌ በዓል እንዲህ ብለው ተቀኙ እንላለን። ቅኔው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ስም አለው። አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጃፍ ለቆመው ተማሪ ቁራሽ የዘረጋችለትን እናት ስም ግን የሚያውቅ የለም። እርሷ ቅኔውን አልሰማችም፤ ብትሰማውም ግእዙ አይገባትም። ተማሪው ነገ በየትኛው ደብር ወንበር ዘርግቶ እንደሚያስተምርም አታውቅም። ይሁን እንጂ ያለ እርሷ ቁራሽ የቅኔ ቤቶቻችን አንድ ክረምት እንኳ ባልተሻገሩ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ያነሣሁት ከቅኔ ቤት እጅግ የራቀ ስለሚመስል ጉዳይ ጥቂት ለማውጋት ነው፤ ስለ ኮምፒውተር ሰዎች ጉባኤና በጉባኤው ጓዳ ስለሚደክሙት።

«ኦፕን ሶርስ» የሚባሉት ሶፍትዌሮች አሠራራቸው ለሁሉም የተገለጠ ነው። የተጻፉበትን ኮድ የፈለገ ያነብበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል። በእኛ ቋንቋ «ክፍት ምንጭ» መባሉ ደስ ያሰኘኛል፤ የመንደር ምንጭን ያስታውሰኛልና። ከምንጭ የሚቀዳው ብዙ ነው፤ ደለሉን የሚጠርገው ግን ጥቂት።

እነዚህ ምንጭ ጠራጊዎች የሚገናኙባቸው ዓመታዊ ጉባኤዎች አሏቸው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብራስልስ ላይ በሚካሄደው ፎስደም በተባለው ጉባኤ ሺዎች ይታደማሉ፤ የመግቢያ ክፍያ የለም፣ መመዝገብም አያስፈልግም። ደቢያን የተባለውን ስርዓተ ክወና የሚሠሩት ሰዎች ጉባኤ ደግሞ ከአገር አገር ይዞራል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኬፕ ታውን ላይ ሲካሄድ ለአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ በሚያዘጋጀው ጉባኤ በጎ ፈቃደኞቹ ልዩ መጠሪያ አላቸው፤ «መላእክት» ይባላሉ። ሥራቸውን ለሚያውቅ ስሙ አይበዛባቸውም።

በመድረኩ ላይ የሚናገረው ሰው ስሙ በመርሐ ግብሩ ታትሟል። ገመድ የሚዘረጋው፣ ካሜራውን የሚያቆመው፣ ድምፁን የሚያመጣጥነው፣ ንግግሩን በዚያው ሰዓት ለዓለም የሚያሰራጨውና ቀድቶ የሚያኖረው ግን ከጨለማው ጥግ ነው። የብዙዎቹ ንግግሮች ቅጂ ኋላ በነጻ ይለቀቃል፤ ብራስልስ መሄድ ላልቻለ የደብረ ማርቆስ ሰው ጉባኤው የሚደርሰው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። ይበልጥ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። የጀርመኖቹ ፈቃደኞች ከብዙ ካሜራ የሚመጣውን ምስል ለማቀናበር ቮክቶሚክስ የተባለ ሶፍትዌር ሠሩ፤ እርሱንም ክፍት አደረጉት፤ የደቢያን ሰዎችም ወስደው ተጠቀሙበት። ድግሱ ብቻ ሳይሆን ድግሱ የሚበስልበት ድስት ጭምር የጋራ ሆነ ማለት ነው።

እኔ ብራስልስንም ኬፕ ታውንንም አላየሁም። ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ጥቂት ወዳጆች ሆነን በወር አንድ ጊዜ በምናዘጋጀው የግጥም ምሽት ግን ድርሻዬ ገመድ መዘርጋት ነው። ከታዳሚው ሁለት ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ። የተዋስነውን ስፒከር እሸከማለሁ፤ ማከፋፈያውን እፈትሻለሁ፤ መብራት ቢጠፋ ቀረጻው እንዳይቋረጥ የላፕቶፑን ባትሪ እሞላለሁ። በክረምት ጠላታችን ዝናብ ነው፤ የጎጃም ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውረድ ከጀመረ ገጣሚው ቢጮኽም አይሰማም። ያን ጊዜ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቼ የቀረውን ለማታ አሳድረዋለሁ። ማታ ኦዳሲቲ የተባለውን ሶፍትዌር እከፍታለሁ። ይህ ሶፍትዌር አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የቀረበ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈቃደኞች የደከሙበት ነው። ሰው ያልተናገረበትን ቅጽበት ናሙና ይወስድና ያንን የሚመስለውን ጩኸት ከንግግሩ ሥር ይቀንሳል። ዝናቡን ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም፤ የሰውየውን ቃል ግን ያተርፈዋል።

አንድ ምሽት አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር እንግዳችን ነበሩ። ቅኔ የዕለት ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም በሊቃውንቱ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህም እያመነታሁ፣

«የኔታ፣ ድምፅዎን ብቀዳው ይፈቅዱልኛል?» አልኋቸው።

ማይኩን አየት አደረጉና ፈገግ አሉ።

«ቅዳ፤ ግን እንዳታፈስሰው።»

አዳራሹ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ቃሉ ግን ከሣቁ በኋላ አብሮኝ ቀረ። ማታውኑ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀመጥሁት፤ የእርሳቸውን ስምና ቀኑን ጻፍሁበት።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የምሽቶቻችን ቅጂ ያን ጊዜ በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። በዚያው ሰሞን ሐዘን የለበሱ አንዲት ሴት ወደ መስኮቴ መጡ። ገንዘባቸውን አውጥተው፣ ቆጥረው፣ መቀነታቸው ውስጥ ከቋጠሩ በኋላ አልሄዱም።

«ወንድሜ፣ የአባቴ ድምፅ አንተ ጋ አለ አሉኝ።»

የየኔታ ልጅ ነበሩ። የኔታ ማረፋቸውን የሰማሁት ያን ዕለት፣ ከእርሳቸው ከልጃቸው አፍ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቅጂውን በስልካቸው ሚሞሪ ላይ ገለበጥሁላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «ስንት ልክፈልህ?» አሉኝ፤ «ምንም» አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ ቅጂው ላይም የእኔ ስም የለም። እኛ ባንክ ቤት ሒሳብ ሳይዘጋ አናድርም፤ ገቢው ከወጪው ጋር መታረቅ አለበት። ያን ዕለት የተቀበልሁትን ምርቃት በየትኛው መዝገብ እንደማሰፍረው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

የዚህ ዓይነቱ ድካም ፍሬ ከምናስበው ይልቅ ቅርባችን ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብቡበት ፊደል ራሱ የዚያው ዕዳ አለበት። ቀድሞ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈ ግጥም በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግእዝ ፊደል በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ የጋራ ቦታ አገኘ። እንደ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያሉ ሰዎች በእነዚያ ዓመታት ፊደላችን በኮምፒውተር እንዲጻፍ ደክመዋል። ስንቶቻችን ገጣሚዎች ስማቸውን እናውቃለን?

ይህን ሥራ ከደቦ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። እኔ ግን ልዩነቱ ይታየኛል። በደቦ ባለ እርሻው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ በወንፈል ዛሬ የእኔን ማሳ ያረመ ነገ የእርሱን አርምለታለሁ። ኦዳሲቲን የሠሩት ሰዎች ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ቅኔ ሊቀዳበት እንደሚችል አላሰቡም፤ እኔም ማሳቸውን አላርምላቸውም። እነርሱ የሚመስሉት ያችን ቁራሽ የዘረጋች እናት ነው። የምትሰጠውን እንጂ የተቀባዩን መድረሻ አታውቅም።

ቢሆንም ያች እናት ትደክማለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ኤክስዜድ የተባለውን፣ በስፍር ቁጥር በሌላቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለ አነስተኛ ሶፍትዌር ለዓመታት ይጠብቅ የነበረው በመሠረቱ አንድ ፈቃደኛ ነበር። ሰውየው በደከመበት ዘመን ሊያግዘው የማይታወቅ ሰው ቀረበው፤ አመኔታውን ካገኘ በኋላም ሰርጎ መግቢያ በስውር ከተተበት። ተንኮሉ ሳይስፋፋ የተገኘው አንድ መሐንዲስ የኮምፒውተሩ ሥራ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ስለ መረመረ ነው። ምንጩን አንድ ሰው ብቻ እንዲጠርግ የተወ መንደር አንድ ቀን ውኃው ሲደፈርስ ያገኘዋል።

ስለዚህ የምለው ምስጋና ይብዛ አይደለም፤ ተራ ይያዝ ነው። እኔም ግጥሜ እንዲሰማልኝ እወዳለሁ፤ የማይወድ ገጣሚ የለም። ነገር ግን ግጥሜን ሳላነብ ገመድ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ የምሄድባቸው ምሽቶች አሉ፤ በእነዚያ ምሽቶች የሌሎቹን ግጥም በሙሉ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። በየከተማው የግጥም ምሽት የሚታደም ወጣት ከወር አንዱን ምሽት ገመድ ቢዘረጋ፣ ቀድቶ ቢያስቀምጥ፣ የቀዳውንም ባያፈስስ፣ የስንት አረጋዊ ቃል ከመቃብር በተረፈ ነበር። እኔም እነሆ ከዚያ ጥግ ሆኜ የሞከርኋትን፦

ምንጩ ጠራ እንጂ፣ ጠራጊው መች ታየ?
ውኃው ወረደ እንጂ፣ ስሙ መች ተለየ?
የጠጣ መንገደኛ፣ «እፎይ!» ካለ ወዲያ፣
ያ ነው ደመወዙ፣ የለውም ገበያ።

ቸር እንሰንብት።