ለአቮካዶ ችግኝ የጫካ አፈር ለምን?

በብዙ ችግኝ ጣቢያ የፕላስቲክ ከረጢቱ የሚሞላው ከጫካ ተዝቆ በመጣ አፈር ነው። የፍራፍሬ ዛፍ ለማፍላት ሲባል የሌላውን ዛፍ ሥር ማራቆት አልዋጥልህ ብሎኛል። የዚያን አፈር ቦታ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቢይዘው ችግኙም ይጠቀማል፤ ኮምፖስት እርጥበት ይይዛል፣ አፈሩን ያላላል፣ ምግቡንም ቀስ እያለ ይለቃል። ይህ በተለይ ለአቮካዶ ይጠቅመዋል፤ ሥሩ ላይ ውሃ የሚስብበት ፀጉር እምብዛም የለውምና። ውሃ ባቆረ ጭቃ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ ይበረታበታል።

«ኮምፖስት ችግኝ ያቃጥላል፣ በሽታና አረም ያመጣል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ ጥፋቱ ግን የጥሬው ነው። ክምሩ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለቀናት ከሞቀና ዳር ዳሩ ወደ መሃል እየተገላበጠ ከበሰለ፣ አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስ ይሞታል። ያልበሰለው አሞኒያ ያወጣል፣ ወይም ናይትሮጅን ከችግኙ ይሻማል። መለያው እጃችን ላይ ነው፦ እርጥብ ኮምፖስት ላይ ፌጦ ይዘራ። ቶሎና እኩል ካልበቀለ፣ ወይም የሥሩ ጫፍ ቡናማ ከሆነ፣ ክምሩ ገና ጊዜ ይፈልጋል። የበሰለውም ቢሆን ብቻውን ከረጢት አይሞላም፤ ጨው ሊበዛበት ይችላል፣ አቮካዶ ደግሞ ጨው አይችልም። ከድብልቁ ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን፣ የቀረው አሸዋና ንጹሕ አፈር፣ ይበቃል ባይ ነኝ። ጉልበት ይፈጃል ለሚለውም፣ ለኮምፖስት የሚሆን የቡና ልጣጭ በየመፈልፈያው ተከምሮ ወንዝ በሚበክልበት አገር ከጫካ አፈር መሸከሙም ጉልበት ነው።