በእጅ የሚማሩት ታሪክ

ዛሬ ጠዋት ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና አንዲት እናት ጓሯቸው ውስጥ እንሰት ሲፍቁ አየሁ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ሆና የቀርከሃ መፋቂያ ይዛ ትለማመዳለች።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ቃጫው እንዳይበጣጠስ» ይሏታል።

ቡላው ከቆጮው እንዴት እንደሚለይ፣ ቆጮው ለምን ጉድጓድ ውስጥ እንደሚብላላ እየሠሩ ያስረዷታል።

እንዲህ ከአዛውንት መማር በሌላም አገር ታይቷል፦ አሜሪካ፣ በአፓላቺያ ተራሮች፣ የጆርጂያ ተማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ፎክስፋየር በተባለ ሥራ የአካባቢያቸውን አዛውንቶች እየጠየቁ የእንጨት ቤት አሠራርንና የቆየ ባህላቸውን በመጽሔት አስፍረዋል።

የእኛስ ልጆች የዳሞታን ተራራ ወጥተው፣ ከዱንጉዛ ጨርቅ ሸማኔ ጎን ተቀምጠው፣ ለጊፋታ የዘመን መለወጫ በዓል ዝግጅት ከጎረቤት ጋር ሠርተው ቢማሩስ? የወላይታው ንጉሥ ጦና ታሪክም ከሽማግሌ አፍ ሲሰሙት ልብ ውስጥ ይቀራል።

እናንተ ከአያቶቻችሁ በእጃችሁ የተማራችሁት ሙያ ምንድን ነው? እስኪ ጻፉልኝ፣ ልጆቻችንም ያንብቡት።