በደሴቱ ላይ የትኛውን ተራራ እንውጣ?

እዚህ እስራኤልም፣ አገር ቤትም፣ አሜሪካም ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ሰሞኑን ከጸባ የወጡ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ስሪ ላንካ ሊሄዱ ነውና "የትኛውን ተራራ ብንወጣ ይሻላል?" ብለው ጠየቁኝ። ቡና እየጠጣን የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። እዚያ ደሴት ላይ ደህና አድርጌ የመረጥኩት አንድ መንገድ አለ፣ ሳልወጣው የቀረሁት አንድ ተራራ አለ፣ በእልህ የመረጥኩትም አለ። በእልህ የመረጥኩት ሰንበት አስሽሮኛል።

የሄድነው በማርች 2023 ነው፤ እኔና አባቴ። አዎ፣ አባቴ! ሰው ሁሉ ስቆብኝ ነበር። በፈረንጆቹ 1999 ከቋራ ስንመጣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ያኔ ገበያ ለመድረስ የሁለት ቀን መንገድ በእግራቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። እዚህ መጥተው ሃያ ዓመት ጥበቃ ሠሩ፣ ጡረታ ወጡ። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ መንገዳቸው ከቤት እስከ ምኩራብ፣ ከምኩራብ እስከ አግዳሚ ወንበሩ ብቻ ሆነ። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና የተማርኩ ሰው ነኝ። ሞተር ብዙ ጊዜ ካልተነሣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አባቴን ሳያቸው ያ ነው የታየኝ። ስለዚህ በዱባይ በኩል ቲኬት ቆረጥኩ። አባቴ በሶና ቆሎ ቋጥረው፣ ጋቢያቸውን ይዘው ተነሡ።

የኔ ዋና ሐሳብ ስሪ ፓዳ ነበር፤ "የአዳም ተራራ" የሚሉት። ቁመቱ 2,243 ሜትር ነው፤ ወደ ላይ ከአምስት ሺህ በላይ ደረጃ አለው። ሰው የሚወጣው በሌሊት ነው፤ ጫፉ ላይ ሆኖ የፀሐይን መውጣት ለማየት። ወቅቱ ከዲሴምበር ሙሉ ጨረቃ እስከ ሜይ ሙሉ ጨረቃ ነው። በዚያ ጊዜ መንገዱ መብራት አለው፣ ሻይ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከወቅቱ ውጭ ግን ዝናብና ነፋስ ነው፣ መብራቱም የለም። ጫፉ ላይ የእግር ዱካ የሚመስል ነገር አለ። ቡድሂስቶች የቡድሃ ነው ይላሉ፣ ሂንዱዎች የሺቫ ነው ይላሉ፣ እስላሞችና ክርስቲያኖችም የአዳም ነው የሚሉ አሉ።

ይህን ሁሉ ከካንዲ ወደ ላይ በሚወጣው ባቡር ውስጥ ለአባቴ ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና "ሰው ይሰግድበታል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ብዙ ሰው።"

"እኛ ለስግድ ስንወጣ፣ ኦሪቱን ተሸክመን፣ ጾመን፣ ድንጋይ በጫንቃችን ይዘን... አንዱ መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ላያት ነው፣ ፎቶ ላነሣ ነው ቢለን ምን ትለዋለህ?"

"አባባ፣ እኔኮ ስግድን ስለማውቅ ነው ማየት የፈለግሁት" አልኩ። እውነቴን ነው። ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ ወጥቶለት የአገር በዓል ሲሆን እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ኢየሩሳሌም ላይ ስንቆም የሚሰማኝን አውቃለሁ። ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ ፈጣሪውን ሲለምን ማየት ምን ነውር አለው? አባቴ ግን "ማየትስ ከታችም ይታያል" ብለው በመስኮቱ ወደ ሻይ እርሻው ዞሩ። ለዚያ ተራራ የሚወረደው ሃተን ጣቢያ ላይ ነው። ባቡሩ ቆመ፣ ቦርሳ የተሸከመ ፈረንጅ ሁሉ ወረደ፣ እኛ ተቀምጠን ቀረን። ትክክለኛው ማን እንደነበር ዛሬም አልወሰንኩም። ያን ቀን ግን ተናድጄ ነበር፤ ንዴቱ ወደኋላ ለሚመጣው ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

ኑዋራ ኤሊያ ሁለት ቀን አደርን። ከዚያ በሌሊት ተነሥተን ሆርተን ፕሌይንስ ሄድን። ልጆች፣ ከሽማግሌ ወይም ከሕፃን ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህን ምረጡ። ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ነው፤ ጠዋት ብርድ አለው። ዙሪያውን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትልቅ ዳገት የለበትም፣ መንገዱም አይጠፋም። በር ላይ ፕላስቲክ ይዛችሁ እንዳትገቡ ቦርሳ ይፈትሻሉ። "የዓለም ዳርቻ" የሚሉት ገደል አለ፤ ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጉም ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚሸፍነው በማለዳ ግቡ፤ መጀመሪያ ወደ ገደሉ ሂዱ፣ ፏፏቴው ይቆያችኋል። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊቴ ይሄዱ ነበር፤ በየመሐሉ ቆመው የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው! አጋዘኖቹን ሲያዩ "ደጋ ነው፣ ደጋ ነው" እያሉ ለብቻቸው ይስቁ ነበር። ገደሉ አጠገብ ተቀምጠን በሶ በጥብጠን በላን። ከእናቴ ሞት በኋላ እንዲህ ብዙ ሲያወሩ አልሰማኋቸውም።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ዓርብ ቀን ኤላ ገባን። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ኤላ ሮክ የሚባለው ቋጥኝ ተገትሮ ይታያል። በስልኬ አየሁት፤ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ይላል። ጊዜው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። አባቴ "ዓርብ ነው እኮ" አሉ። "አምስት ሰዓት ሙሉ አለን አባባ፣ አራት ሰዓት ነው የሚፈጀው" አልኳቸው። በልቤ ደግሞ 'አንዱን ተራራ ከልክለውኛል፣ ይህንን ግን አልተውም' እያልኩ ነበር። ጸባ ሳለሁ ሌሊቱን ሙሉ ቃሬዛ ተሸክሜ የሄድኩ ሰው ነኝ፣ ይቺ ምን አላት ብዬም ነው። ያ ግን በሃያ ዓመቴ፣ ጉልበቴ ሳይጎዳ በፊት ነበር። አባቴ እኔን ብቻዬን መልቀቅ አልወደዱም፤ በትራቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

መንገዱ ከኤላ ጣቢያ ተነሥቶ በባቡር ሐዲዱ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ በሻይ እርሻ ውስጥ ይታጠፋል፤ ምልክት ግን አላየንም። አንድ ጎረምሳ "በዚህ ነው" ብሎ መራንና ግማሽ ሰዓት ከሄድን በኋላ ገንዘብ ጠየቀን፤ መንገዱም ያ አልነበረም። ተመለስን። ሻይ የምትለቅም ሴት በእጇ አሳየችን። ላይኛው ክፍል ባሕር ዛፍ ነው፤ አባቴ ቅጠሉን አሽተው "ይኼስ የኛ ነው" አሉ። ጫፉ ላይ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። እዚያ ያለውን እይታ ብዙ አላስታውሰውም፤ ዝናቡ ጀመረ።

ዳገት ስትመርጡ መውጫውን አትዩ፣ መውረጃውን እዩ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲረጥብ ሳሙና ነው። አልቅቱ በካልሲ ውስጥ ገባ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ አልታጠፍ አለ። አባቴ በትራቸውን ሰጥተውኝ እሳቸው ከጎን ደግፈውኝ፣ እርምጃ በእርምጃ ወረድን። እኔ በሐሳቤ የእስራኤልን የበጋ ምሽት ነበር የማሰላው፤ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ብርሃን የሚቆይበትን። አባቴ ናቸው "እዚህ አገር እንደኛ አገር ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይ ትገባለች፣ ወዲያው ይጨልማል" ያሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። ሐዲዱ ላይ ስንደርስ ጨልሟል። የባቡር ጩኸት ሰማን፣ አባቴ በክንዴ ጎትተው ቦይ ውስጥ ጣሉኝ፤ ባቡሩ ከፊታችን አለፈ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

"ሰንበት ገብቷል" አሉ። "ከዚህ በኋላ አንሄድም።"

ከሐዲዱ ዳር ለመንገደኛ ኮኮናትና ሻይ የምትሸጥ ሴት ጎጆ ነበር። እዚያ ገባን። ባጃጅ ልጥራላችሁ ብላ ስልኳን አወጣች፤ አባቴ በእጃቸው እምቢ አሉ። እኔ በእንግሊዝኛ ሰባተኛው ቀን፣ ዕረፍት፣ ጸሎት እያልኩ ላስረዳ ሞከርኩ። አሰብ አድርጋ "ፖያ?" አለች። ፖያ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን ነው፤ በአገራቸው በየወሩ ይከበራል፣ ሥራ ይዘጋል። አባቴ ቃሉን ሳያውቁት "አዎ፣ ፖያ" አሏት። ሰሌን አነጠፈችልን። አባቴ በግዕዝ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ እሷም ልጇን ዝም አሰኝታ በሩ ላይ ቆመች።

ቅዳሜን እዚያው ዋልን፤ ቆሎ፣ ሙዝና ውኃ። ረፋድ ላይ ወደ ቋጥኙ የሚሄዱ እስራኤላውያን ወጣቶች አለፉ። ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው ሐዲድ ዳር ተቀምጠው ሲያዩ ደንግጠው "ሻባት ሻሎም" አሉን፣ "ጠፍታችሁ ነው?" ብለውም ጠየቁን። አባቴ "አልጠፋንም፣ ደርሰን ነው" አሏቸው። እኔን ግን ያን ቀን ስለ መንገዱ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ለምትሄዱት አንድ ነገር ልጨምር፦ በኖቬምበር 2025 ዲትዋ የተባለው አውሎ ነፋስ ያንን ደጋ ክፉኛ መትቶታል፤ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ብዙ ሰው ገድሏል፣ መንገድና ሐዲድም አበላሽቷል። ከመነሣታችሁ በፊት የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ጠይቁ።

እሑድ ጠዋት ለሴትዮዋ ገንዘብ ልንሰጥ ሄድን፤ በግድ ተቀበለችን። እኔ ጉልበቴ አብጦ ስለነበር ከሰዓት በኋላ አልጋ ላይ ዋልኩ። አባቴ ስልኬን ጠየቁኝና ብቻቸውን ወጡ። ከከተማዋ አጠገብ አንድ ሰዓት የማትፈጅ ትንሽ ኮረብታ አለች፤ ፊት ለፊቷ ኤላ ሮክ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ተመለሱ። ከላይ ሆነው አንድ ፎቶ አንሥተዋል፤ ግማሹ ቋጥኙ ነው፣ ግማሹ አውራ ጣታቸው።