የክራሩ ድምፅ ለምን ቀጠነ?

በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት የኖረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አይቷል። ምጣዱ ሲሰካ ባለ ክሩ አምፖል ፈዘዝ ይላል፤ ሲነቀልም እንደ ቀድሞው ይበራል። ብዙዎቻችን «የመብራቱ ጠባይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን የሚለካና የሚቈጠር ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። መብራቱን ወደ ቤት የሚያመጣው ሽቦ የአንድ ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ 16 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። ለአምፖሉ የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነገር ሁሉ በውስጡ የሚያግደው እንዳለው፣ የሚቀበለውም የራሱ የመሳብ ልክ እንዳለው ነው። በድምፅ ሥራ ላይ ይህ እገዳ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ስለሚለዋወጥ ባለሙያዎች ኢምፔዳንስ ብለውታል። የሰጪው የምንጭ ኢምፔዳንስ፣ የተቀባዩ የመግቢያ ኢምፔዳንስ ይባላል። ሌዮን ቴቭናን የተባለ ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ መሐንዲስ በ1883 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ብዙ ምንጭና ብዙ ሬዚስታንስ የተሳሰሩበት መረብ በአንድ ቮልቴጅና በአንድ ሬዚስታንስ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ የሰጪውን ጠባይ በሁለት ቍጥር መያዝ ይቻላል ማለት ነው።

ዛሬ ተማሪ ገንዘቡን አውጥቶ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚሠራውን ማጉያ በኮምፒዩተር ሊሞክረው ይችላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከበርክሊ፣ የወጣው ስፓይስ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ መንገድ ከፈተ፤ ከእርሱ ዘር የሆነው ኤልቲስፓይስም ያለ ክፍያ ይገኛል። ኪሱ ለሳሳ ወጣት ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን በፕሮግራሙ ላይ የሚሣለው የቮልቴጅ ምንጭ፣ ካልተነገረው በቀር፣ ውስጣዊ ሬዚስታንስ የለውም። የፈለጉትን ያህል ቢስቡት አይደክምም፤ አይጐድልበትም። እንዲህ ያለ ባለጸጋ ግን በዓለም ላይ አይገኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ በክራር ለሚተዳደረው ወንድሙ ማጉያ ሠራለት። ለዕቃው የሁለት ወር የኪስ ገንዘቡን አውጥቷል። በኮምፒዩተር ሲሞክረው መስመሩ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ እንደ ሜዳ የተስተካከለ ነበር። ድምፅ ማንሻዋን ከክራሩ ብርኩማ ሥር ለጥፎ ቢያስደምጠው ግን ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ የቆርቆሮ ድምፅ ሆነ። ወንድሙም «ይህ የኔ ክራር አይደለም» አለው።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ዋሸኝ፤ ይህን ትምህርት ብተወው ይሻላል መሰለኝ» አለኝ።

«አልዋሸህም፤ የጠየቅኸውን መልሶልሃል። ስለ ክራሩ ግን ምን ነገርኸው?» አልሁት።

ምንም አልነገረውም ነበር። ድምፅ ማንሻዋ ሳንቲም የምታህል ፒዬዞ ናት። ፒዬዞ በጠባይዋ እንደ ካፓሲተር ናት፤ የእርሱዋም ካፓሲታንስ 20 ናኖፋራድ ያህል ነበር። የማጉያው መግቢያ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲጋጠሙ ከ800 ሄርዝ በታች ያለውን ድምፅ እያደከሙ ይሄዳሉ። አብረን ተቀምጠን በፕሮግራሙ ላይ ከምንጩ ቀጥሎ የ20 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨመርን። ያ የተስተካከለ መስመር ወዲያው አዘቀዘቀ፤ በ200 ሄርዝ ላይ የቀረው ቮልቴጅ ሩቡ ብቻ ነበር። የወንድሙ ጆሮ የሰማውን ኮምፒዩተሩ በሥዕል አሳየን። በመግቢያው ላይ አንድ ፌት ትራንዚስተር አስቀድመን መቀበያውን ወደ 1 ሜጋ ኦም ብናሳድገው ወሰኑ ከ800 ወደ 8 ሄርዝ ወረደ፤ ይህም የሰው ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው። ልጁ በማግሥቱ አንድ ትራንዚስተርና ጥቂት ሬዚስተር ገዝቶ ማጉያውን አቃና።

እንግዲህ ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች ምክሬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ምንጩን ስትሥሉ ከነድካሙ ሣሉት። ለተለመደው ባለ ጥቅል ማይክሮፎን ከ150 እስከ 600 ኦም፣ ለኤሌክትሪክ ጊታር ማንሻ ጥቂት ኪሎ ኦምና ጥቂት ሄንሪ አግቡበት። ሁለተኛ፣ በመውጫው ላይ ተቀባዩን አኑሩ። የመውጫ ኢምፔዳንሱ 4.7 ኪሎ ኦም በሆነ ማጉያ ላይ ባለ 32 ኦም የጆሮ ማዳመጫ ቢሰካ፣ ከቮልቴጁ ከመቶ አንዱ እንኳ አይደርሰውም። ሦስተኛ፣ የመግቢያውን ቮልቴጅ ወደ ውስጥ በሚገባው ከረንት አካፍሉ፤ የምታገኙት የመግቢያው ኢምፔዳንስ ነው። እርሱ ከምንጩ አሥር እጥፍ ከሆነ የሚጠፋው ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ነው፤ ጆሮም ይህን እምብዛም አያስተውለውም። ይህንንም በአንድ ድምፅ ላይ ብቻ ሳይሆን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ መርምሩ።

በመሥሪያ ቤት የምትውሉም ወንድሞችና እኅቶች ጉዳዩን የምታውቁት ይመስለኛል። ላኪውና ተቀባዩ ሳይጠየቁ የተነደፈ ዕቅድ በወረቀት ላይ እንከን የለውም፤ ወደ ሥራ ሲወርድ ግን ከየት እንደ ጐደለ ሳይታወቅ ይጐድላል። በማጉያ ሥራ ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስፈልገው በሥዕሉ ላይ አንድ ሁለት ዕቃ መጨመር ብቻ ነው። ወጪውም የአምስት ደቂቃ ጊዜ ነው።