አብነትና ተስፋ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ከመርካቶ ገበያ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ አብነት የሚባል ሰፈር አለ። ሸክም የሚጭነውና የሚያወርደው፣ እህል የሚሰፍረውና ጨርቅ የሚለካው፣ ተሳፋሪ የሚጠራውና ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ይህን ስም በቀን ብዙ ጊዜ ያነሣዋል፤ ዳሩ ግን ስሙ ለእርሱ የመንገድ ምልክት እንጂ ሌላ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያደገ ሰው ግን በዚያው ቃል ሁለት ነገር ይሰማል። አንደኛው፣ ከፊደል እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚደርሰው ጥንታዊው ትምህርት የአብነት ትምህርት መባሉ ነው፤ ሁለተኛው፣ አብነት ማለት አይተው የሚከተሉት ምሳሌ መሆኑ ነው። ሁለቱ ፍችዎች በአንድ ቃል የተገናኙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ ከመጽሐፍ አስቀድሞ የሚያነበው መምህሩን ነውና።

ሰው በመከራ ቀን ድፍረትን ከየት ያገኛል? ይህ ጥያቄ በየዘመኑ የሚነሣ ነው። ብዙ ሰው መልስ ሲሰጥ ተስፋን ያስቀድማል፤ ተስፋ ያለው ይታገሣል፣ ተስፋ የሌለው ይወድቃል ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት የነገሩን ተራ በሌላ መንገድ አቁሞታል። በእርሱ ትምህርት ቀድማ የምትገኘው መከራ ናት፤ ከእርሷም ትዕግሥት፣ ከትዕግሥትም ተፈትኖ መገኘት ይወለዳል፤ ተስፋ የምትመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ተስፋ የመንገዱ ስንቅ ብቻ ሳትሆን የመንገዱ ፍሬም ናት ማለት ነው። ይህ ከሆነ ዘንድ፣ ፍሬውን ገና ያላየ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምን ይዞ ይቆማል? አብነትን ይዞ ነው፤ ከእርሱ በፊት በዚያ መንገድ ያለፈውን ሰው አይቶ ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር ለመሻት ከሰፈሩ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። መርካቶ የሚለው ቃል በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ፋሺስቶች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው በአሁኑ ስፍራ አቋቋሙት። ይህንም ያደረጉት ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያም በመገበያያም ለመለየት ባወጡት ዕቅድ ነው፤ የሰጡትም ስም የአገሬው ሰዎች ገበያ የሚል ነበር። ከዚህ ገበያ ወደ ጊዮርጊስ ሲወጡ ግን በመንገዱ ላይ የአንድ ጳጳስ ሐውልት ይገኛል። ገበያውን የተከሉት ገዥዎች ሲጠፉ፣ እነርሱ የገደሏቸው ጳጳስ በአደባባዩ ቆመው ቀሩ።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ፍቼ ተወላጅ ናቸው። ከአባ ሰላማ ዘመን በኋላ 1600 ዓመት ለሚያህል ጊዜ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚሾምላት ከግብፃውያን መካከል ነበር፤ በ1921 ዓ.ም. ይህ ልማድ ሲለወጥ ማዕረገ ጵጵስናን ከተቀበሉት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ እርሳቸው ሆኑ። ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ዓመታት ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ይህ ሊዘነጋ አይገባም። የአብነት ተማሪ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በየደጁ ስለ እመቤታችን ስም እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለና ረኀብ እየቻለ ቃሉን የሚያጠና ነው። በዚያ ቤት ድፍረት በአንድ ቀን አትሰጥም፤ እንደ ዜማው ሁሉ መምህሩን እየተከተሉ ዕለት ዕለት ትቀጸላለች። ጳጳሱ በሞታቸው ቀን የቆሙት በዚያ ቀን በተገኘ ኃይል ብቻ አልነበረም፤ ከሕፃንነት ጀምሮ በተጠና ትምህርት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ክረምት አርበኞች ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ተነሥተው አዲስ አበባን ከጠላት እጅ ለማውጣት ተማከሩ፤ አቡነ ጴጥሮስም በደብረ ሊባኖስ በኩል ከነበሩት ጋር አንድ ሆኑ። ሐምሌ 21 ቀን ጦሩ ከተማዪቱን መታ። ዳሩ ግን ዝናቡ፣ የወንዞቹ ሙላት፣ በየአቅጣጫው የዘመቱት ክፍሎች በአንድ ሰዓት አለመገናኘት ዘመቻውን አሰናከለው። ጳጳሱ ተያዙ፤ ለፍርድም ቀረቡ። ለጠላት መገዛትን እንዲሰብኩ፣ አርበኞቹንም እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እርሳቸው ግን ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለወራሪ እንዳትገዛ አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀንም በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

አሁን ያን ቀን በዚያ አደባባይ በቆመ ሰው ዓይን መመልከት ይገባል። ዘመቻው በዋዜማው ፈርሷል። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ናቸው። በጄኔቭ የተሰበሰበው የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ በዚያው ሐምሌ ወር አንሥቷል። በሰው ሚዛን ቢመዘን ተስፋ የሚባል ነገር በየትም ስፍራ አይታይም ነበር። ስለዚህ አቡነ ጴጥሮስ የያዙት ነገር የድል ስሌት ነበር ለማለት አይቻልም፤ የሚሰላ ነገር አልነበረምና። ጠላት ከከተማዪቱ ወጥቶ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የተመለሰው አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። እርሳቸው ይህን አላዩም። ፍሬውን የበሉት ሌሎች ናቸው፤ እርሳቸው የዘሩት በክረምት፣ ጭጋግ በሞላበት ቀን ነው።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው በስማቸው ላይ ጥቂት ሳይቆይ አያልፍም። ጴጥሮስ ማለት ዐለት ማለት ነው። የመጀመሪያው ጴጥሮስ ግን ዐለት ከመሆኑ በፊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ፣ አንዲት ገረድ ብትጠይቀው ደንግጦ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደ ሰው ነበር። አልቅሶ ተመለሰ፤ በመጨረሻም በሮም ከተማ ስለ ጌታው ሞተ። ሁለተኛውን ጴጥሮስ ደግሞ ከሮም የመጡ ወታደሮች ገደሉት። ጳውሎስም ስለ መከራና ስለ ተስፋ የጻፈው ለሮሜ ሰዎች ነበር። ሰሙ የከተማ ስም ነው፤ ወርቁ ግን ይህ ነው፦ ድፍረት ከማኅፀን ይዘውት የሚወለዱት ጠባይ አይደለም። የፈራ ሰው ሊማረው ይችላል፤ የወደቀ ሰውም ተነሥቶ ለሌላው ዐለት ሊሆን ይችላል። በ1921 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ ከተሾሙት አባቶች ሁሉም በመከራው ቀን በአንድ መንገድ አልሄዱም፤ የተገዛም ነበረ። ይህን መናገር ለመፍረድ አይደለም፤ የቆሙት ሊወድቁ ይችሉ እንደ ነበር ለማስታወስ ነው። መውደቅ የሚችል ሰው ባይወድቅ ነውና አብነት የሚሆነው።

የአቡነ ጴጥሮስም አብነት ብቻውን አልቀረም። በ1929 ዓ.ም. አቡነ ሚካኤል በጎሬ ተገደሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን ተጨፈጨፉ። ፋሺስቶቹ በራሳቸው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መግደላቸውን፣ ከጥቂት ቀን በኋላም 129 ዲያቆናት መጨመራቸውን አስታውቀዋል፤ ኋላ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሱታል። ከእነዚህ ዲያቆናት የሚበዙት ገና ተማሪዎች ነበሩ። መምህራቸውን በዜማ የተከተሉ ልጆች በሞትም ተከተሏቸው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አብነትን መከተል ማለት የቀደመውን ሰው ሥራ እንዳለ መድገም የሚመስላቸው አሉ። በቅኔ ቤት እንዲህ አይደለም። መምህሩ መንገዱን ያሳያል፤ ቤት አመታቱን፣ የቃሉን አገባብ፣ የምስጢሩን አወራረድ ያስተምራል። ተማሪው ግን ወደ ዱር ወጥቶ ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ፣ ማታ የራሱን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም፣ የመምህሩንም ቅኔ የእኔ ነው ብሎ የሚያቀርብ ተማሪ ያፍራል። የእምነት ድፍረትም እንደዚሁ ናት። መንገዷ አንድ ሲሆን፣ ቅኔዋ ግን በየሰዉና በየቀኑ አዲስ ነው።

በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን መግደሉን በምስል አሳየ። እነዚህ ጳጳሳት ወይም መምህራን አልነበሩም። ባሕር ተሻግረው እንጀራ ለመፈለግ ከአገራቸው የወጡ ድኾች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የአዲስ አበባ የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ይገኙ ነበር። በቤታቸው ሥዕለ አድኅኖ ፊት ከመቆም፣ በእናታቸው እጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ፣ በአንገታቸው ማተብ ከማሰር በቀር የተለየ ትምህርት ነበራቸው ለማለት አይቻልም። ይህ ጥቂት የሚመስለው ነገር ግን የእናት አብነት ነበር፤ በባሕሩ ዳር የቆመውም እርሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰማዕታት ብላ ጠራቻቸው፤ በአገራቸውም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ አለቀሰ። ይህም ለመርካቶ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ በገበያው ውስጥ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸውና።

ምናልባት አንድ ነጋዴ ይህን ሰምቶ፣ ሰማዕትነት ለተመረጡት ነው፤ ለእኔ ምን ይረባኛል ይል ይሆናል። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ በሸማ ተራ ታላቅ እሳት ተነሥቶ የብዙ ሰው ሀብት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ጥይት አይጠብቀውም፤ የሚጠብቁት ባለዕዳ፣ የዕቁብ ተራ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ናቸው። የእርሱ ቅኔ ሌላ ነው። የጠፋበትን ለመመለስ ሚዛን ሳያዛባ፣ የሰው ገንዘብ ሳይክድ፣ ዕቁብተኛውን ሳይሸሽ፣ ያለችውን ጥቂት ዕቃ በመሬት ላይ ዘርግቶ እንደገና መጀመር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ማንም ሐውልት አይሠራለትም። ነገር ግን በአጠገቡ ጉሊት የዘረጋችው መበለት ታየዋለች፤ ሸክም የሚያወርደው ወጣት ያየዋል፤ ልጁም ያየዋል። ከእነዚህ አንዱ መከራ በመጣበት ቀን የሚያስታውሰው ስብከት ላይሆን ይችላል፤ ያን ሰውና ያን የቀና ሚዛን ግን አይረሳም።

ለካህናት ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። በቅርብ ዓመታት በብዙ አገር የጦርነት ድምፅ ተሰምቷል፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም መጽናናት ፈልጎ ይመጣል። በዚህ ጊዜ፣ መከራው ነገ ያልፋል፣ ከነገ ወዲያ ሁሉ ይቀናል ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ሰውም ሲሰማው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ቀኑን የማያውቅ ሰው ቀን ቈርጦ ተስፋ ቢሰጥ፣ የራሱ ያልሆነውን ዕቃ እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ነገ ባላለፈ ጊዜ የሰሚው ሃይማኖት ይናወጣል። አቡነ ጴጥሮስ ለሕዝቡ ቀን አልቈረጡለትም። አብረውት ቆሙ፤ የማይደረገውን አይደረግም አሉ፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ተዉ። ካህን ለተጨነቀ ሕዝብ ሊሰጠው የሚችለው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ይህ ነው፤ ይኸውም በሐዘን ቤት መገኘት፣ ለተገፋው መናገር፣ ለገፊው አለማጎንበስ፣ ጉባኤን አለማጠፍ ነው። ሁለት ተማሪ የቀሩት መምህር ለሁለቱ ቢቀጽል፣ ተስፋን በአፉ ሳያነሣ አስተማራት።

በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር መንገድ ሲሠራ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከስፍራው ተነሥቶ ነበር። ብዙ ሰውም አይመለስ ይሆናል ብሎ ሠጋ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው የባቡር መስመር ከአደባባዩ በታች ምድርን ሰርጎ ያልፍና፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ በኩል ወርዶ አብነት ከተባለው ሰፈር ይደርሳል። ድንጋይ ሊነሣና ሊመለስ ይችላል፤ መንገድም ይለወጣል። የማይነሣው በሰው ሕይወት ላይ የተጻፈው ምሳሌ ነው። ይህም እንዲኖር በየዘመኑ የሚቀጽል ሰው ያስፈልጋል፤ ቀጻይ የሌለው ዜማ ከመምህሩ ጋር ይቀበራልና።

እንግዲህ ክርስቲያን የሆነ ሁሉ፣ ተስፋ ባጣ ጊዜ ተስፋን ከመፈለግ በፊት የሚከተለውን አብነት ይፈልግ። የቆመ ሰው አይቶ ይቁም፤ ቆሞ ይታገሥ፤ ታግሦም ይፈተን። ተስፋ በተራዋ ትመጣለች። እርሷም ከመምጣቷ በፊት ቢጠራ፣ ከኋላው የሚመጣው አይቶት ይቆማል። የአባቶችን ትዕግሥት ለልጆች ያድል ዘንድ የልዑል እግዚአብሔር ቸርነት አይለየን፤ አሜን።